ያላየሁትን ያየሁ ዕለት

ለውድ እህቴ ለቨርና፣

እንደምን ከርመሻል እታለም? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ደረጃውን ያለ ምርኩዝ መውጣት ጀመርሽ፣ ወይስ አሁንም ባልሽ አርሎ ከኋላ እየደገፈሽ አንቺም "አትግፋኝ" እያልሽው ነው? የእሱስ ሳል ለቀቀው? የከተማችሁ የጁኖ ዝናብ እንደማያባራ ስለማውቅ እሱን አልጠይቅም። እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፤ በዚህ ሰሞን ይሄ ራሱ ያሳፍረኛል። የእኔን ያህል ያጠፋ ሰው ቢያንስ ሁለት ኪሎ መቀነስ ነበረበት።

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። አንቺና ማርቬላ በእኔ የተነሣ መኳረፋችሁን አነበብኩ። አንቺ "ወንድሜ ሦስት ደቂቃ አፍጥጦ ያየው ነገር፣ አንቺ ሶፋ ላይ ተጋድመሽ ካየሽው ይበልጣል" አልሻት፤ እሷም "እንግዲያው ወንድምሽን ዓይን ሐኪም ቤት ውሰጂው" አለችሽ፤ ይኸው ሁለት ሳምንት ሆናችሁ። ሠላሳ ዓመት በአንድ አጥር የኖራችሁ፣ ቀዶ ጥገና ስትገቢ ሆስፒታል ያደረሰችሽ ሴት። ሁለት ጊዜ ስልክ ደውዬ ልነግርሽ ሞከርኩ፤ ገና "ስለዚያ ጨዋታ" ስል "ለእኔ ማስረዳት የለብህም፣ እኔ አውቅሃለሁ" እያልሽ አፌን ዘጋሽው። ስለዚህ ልታቋርጪኝ በማትችዪበት መንገድ እየጻፍኩልሽ ነው።

የዳኘሁትን የቅርጫት ኳስ ጨዋታ በቴሌቪዥን አይተሽዋል። ሃትሰን ክሪክ በገዛ አዳራሹ አንድ ነጥብ እየመራ ነው፤ ስድስት ሰከንድ ቀርቷል። ማርቬላ በልጅነቷ የተማረችበት ኖርዝ ሃርላን፣ ካሸነፈ በአርባ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ብሔራዊው ውድድር ሊገባ ነው፤ ከተሸነፈ ዓመቱ እዚያው ያበቃል። ከቅርጫቱ ሥር ሁለት ተጫዋቾች ሲሻሙባት ኳሷ ከሜዳ ወጣች። እኔ ከእነሱ ሦስት እርምጃ ርቄ ነበርኩ። ፊሽካዬን ነፋሁና በመጨረሻ የነካት የኖርዝ ሃርላኑ ኬንዳል ፕራውዝ ነው፣ ኳሷ ለሃትሰን ክሪክ ትሰጥ አልኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እርግጠኛ አልነበርኩም። ይህ ኃጢአት አይደለም፤ ዳኛ በቀን ሃያ ጊዜ እርግጠኛ ሳይሆን እጁን ያነሣል። ድጋሚ ምስል የተፈጠረውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ።

እዚያ ጠረጴዛ ላይ ብርሃን እንዳይገባበት በጥቁር ጨርቅ የተከለለ ትንሽ ስክሪን አለ። ጭንቅላቴን ወደ ውስጥ ስከት ያየሁት ኳሷን አይደለም። ያየሁት አውራ ዶሮ ነው። የሃትሰን ክሪክ አርማ አውራ ዶሮ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ የዶሮ ልብስ ለብሶ የሚጨፍር ሰውም አላቸው። ምስሉ በእረፍቱ ሰዓት እሱ ላይ ቆሞ ቀርቶ ኖሯል። አንድ እግሩን አንሥቶ፣ ክንፉን ዘርግቶ፣ ቀጥ ብሎ ያየኛል።

"አሁን ይመለሳል" ብዬ ጠበቅኩ። ሠላሳ ሰከንድ አለፈ። ቴክኒሺያኑ ከእኔ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጧል፤ "ምስሉ ቆሟል" ብለው በቂ ነበር። ግን ሠላሳ ሰከንድ ዶሮ ሲያይ ቆይቶ ይህን ማለት ትንሽ ያሳፍራል። አንድ ደቂቃ ሲሞላ ደግሞ በጣም ያሳፍራል። ሁለት ደቂቃ ሲያልፍ ከመሞት የማይሻል ነገር ሆነ። ዘጠኝ ሺህ ሰው ቆሞ ይጮሃል። ከኋላዬ አንዱ "አባባ፣ ፊልሙ ካለቀ ውጣ እንጂ" ይላል። አብራኝ የምትዳኘው ዳርላ አሠልጣኞቹን እያገደች ጀርባዋን ሰጥታኝ ስለነበር፣ "እንዴት ነው ሎረን፣ ይታያል?" አለችኝ። "ጥርት ብሎ" አልኳት። ከዚያ ወጣሁና ማይክሮፎን ለያዘው ሰውዬ "ውሳኔው በምስሉ ተረጋግጧል" አልኩት። ኳሷ ለሃትሰን ክሪክ ተሰጠች፤ ኖርዝ ሃርላንም ተሸነፈ።

ሰላሳ አንድ ዓመት ታሪክ ሳስተምር ስለ ንጉሦች ውሸት ብዙ ተናግሬአለሁ። አብዛኞቹ ቢያንስ አገር ለማዳን ነበር። የእኔ ከሁሉም የሚለየው ጥቅም የለሽ በመሆኑ ነው። ደንቡ መሣሪያ ከተበላሸ መጀመሪያ የተሰጠው ውሳኔ ይጸናል ይላል። እውነቱን ብናገር ማንም አይወቅሰኝም ነበር። ደግሞም ቴክኒሺያኑ ሽቦውን ነካ ቢያደርገው ምስሉ በአሥር ሰከንድ ይመለስ ነበር፤ ጨዋታው እንዳለቀ ያደረገው ይህንኑ ነው። ያኔ ማርቬላ ቤቷ ያየችውን እኔም አየሁት፦ ኳሷ የተነካችው በሃትሰን ክሪኩ ልጅ የጣት ጫፍ ነው። ማርቬላ ዓይኗ ደህና ነው።

ከተማው የሚገባኝን ሰጥቶኛል። ኦፓል ምግብ ቤት ቡና ስጠይቅ ኦፓል ሁለት ኬክ ፊቴ አስቀምጣ "ይሄ የፖም ነው ወይስ የቼሪ? አትቸኩል ሎረን፣ ሦስት ደቂቃ አለህ" አለችኝ። ተማሪዎቼም የክፍሌ በር ላይ ትልቅ የወረቀት መነጽር ለጥፈዋል፤ ሥራው ጥሩ ስለሆነ አላነሣሁትም። ይህን ሁሉ እችለዋለሁ።

የማልችለው ኬንዳልን ነው። ሰዓቱ ካለቀ በኋላ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። እጁን ገልብጦ እያየ "ጋሼ፣ እኔ የነካኋት አልመሰለኝም ነበር። ግን እርስዎ በደንብ ካዩት እሺ" አለኝ። ከዚያ ጓደኞቹን ይቅርታ ሊጠይቅ ሄደ። እኔ ዶሮ ሳይ ያ ልጅ የገዛ ጣቶቹን እንዲጠረጥር አደረግሁት።

ለሊጉ ጽሕፈት ቤት ሁሉንም ጽፌ ላክሁ። በትሕትና መለሱልኝ፤ "የመሣሪያ ብልሽት መሆኑን መዝግበናል፣ ጉዳዩ ተዘግቷል፣ በሚመጣው ዓመት እንገናኝ" ይላል። አንብቤ ሳበቃ ደስ እንዳለኝ አልደብቅሽም። ደስታው አንድ ማታ ቆየ። በማግስቱ ፊሽካዬን ከሥራ መልቀቂያ ወረቀት ጋር መለስኩላቸው። ለኬንዳልም ጻፍኩ፤ "አልነካሃትም። እኔም አላየሁም" ብቻ ነው የሚለው። ሌላ ባክልበት ለራሴ መሟገት ይሆንብኝ ነበር። መልስ አልመጣም፤ መምጣትም የለበትም።

አሁን የቀረሽኝ አንቺ ነሽ፣ ከሁሉም የከበደኝም የአንቺ ነው። በሕይወቴ ማንም እንደ አንቺ ሳይጠይቅ አምኖኝ አያውቅም። ያንን እምነት ይዘሽ ለሐሰት ስትሟገቺልኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ እውነቱን ሳልነግርሽ ቀረሁ። እባክሽ እታለም፣ ይህን ደብዳቤ ይዘሽ ማርቬላ ዘንድ ሂጂ። አትተርኪላት፤ ስትተርኪ ታሳምሪልኛለሽ። ራሷ ታንብበው።

አርሎን ሰላም በዪልኝ፤ ሳሉን በሐኪም ያሳይ እንጂ በውስኪ አያክመው። ለልጅሽ ለዴናና ለባሏም፣ ለመንትዮቻቸውም ሰላምታዬ ይድረስ፤ አጎታቸው በቴሌቪዥን ታየ ብለው ለጓደኞቻቸው ማውራታቸውን ቢተዉልኝ ደስ ይለኛል። ቄስ ሃልቨርሰንንም እንዲሁ። ለማርቬላ ሰላምታ ለመላክ ፊት የለኝም። በሯን ስትከፍትልሽ ግን ገና ከመቀመጥሽ በፊት "ትክክል የነበርሽው አንቺ ነሽ" በያት። ካልከፈተችልሽ በበሩ በኩል በያት።

ወንድምሽ ሎረን

ብራይት ሆሎው፣ ኢንዲያና
ማርች 27 ቀን 2019