ለመሐንዲሶች የከበዱ ስድስት ቆርኪዎች

የክሊኒካችንን የካርድ ማውጫ የኮምፒውተር ፕሮግራም ለሠራው ድርጅት ኃላፊ፣ ለተከበሩ ኢንጂነር ይሄይስ
ሃርጌሳ

ክቡርነትዎ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና እንዲያገኝዎ ከልቤ እመኛለሁ፤ ጤና ካጡ ወደ ክሊኒክ መሄድዎ ነው፣ እዚያ ደግሞ የሚጠብቅዎት የራስዎ ፕሮግራም ነው።

ባለፈው ሐሙስ እዚሁ ሃርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር ባለው ክሊኒክ ስለ ስህተቱ ሲያስረዱን፣ ከእናቴ ጀርባ ወለሉን እያየሁ የቆምኩት ልጅ እኔ ነኝ። ሰው ፊት መናገር ስለማልችል ያኔ ያልመለስኩልዎትን ዛሬ በጽሑፍ ሳቀርብ እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ።

አንደኛ፤ እናቴ ሸዋርካብሽ በጦርነቱ ለፈረሱት ቤቶች ማሠሪያ ድንጋይ ስትሸከም ሚስማር ወግቷት ነበር የመጣችው። እሷ በአንዱ መስኮት፣ ዳሀቦ የሚሏቸው የሶማሌ እናት በሌላው መስኮት እኩል ተመዘገቡና ለሁለቱም 214 ቁጥር ተሰጣቸው። የዳሀቦ መረጃ በእናቴ መዝገብ ላይ ተጻፈ፤ «ፔኒሲሊን አይስማማትም» የሚለው ጠፋ። መርፌውን ተወጋች። ጉሮሮዋ አብጦ አራት ቀን ትንፋሿን ስጠብቅ ሰነበትኩ። «አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው» ብለው ስላጽናኑን እናመሰግናለን። እናቴም በእነዚያ ቀናት የምትተነፍሰው አልፎ አልፎ ነበር።

ሁለተኛ፤ መቶ ጊዜ ሞክረነው መቶ ጊዜ ሠርቷል አሉን። እኔ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ቤት ገብቼ ሦስት ቀይና ሦስት አረንጓዴ ቆርኪ ይዤ ተቀመጥኩ። እያንዳንዱ መስኮት የመጨረሻውን ቁጥር ያነባል፣ አንድ ይደምራል፣ ይጽፋል፤ በቃ ይኸው ነው። የሁለቱ መስኮቶች ሥራ ሊቀላቀል የሚችልበትን መንገድ ሁሉ ወለል ላይ ደረደርኩ። ሃያ ሆነ። ትክክል የሚወጣው አንዱ ሦስቱንም ጨርሶ ሌላው ሲጀምር፣ ማለትም በሁለት መንገድ ብቻ ነው። አሥራ ስምንቱ እናቴን ይወጋሉ።

እኛ ወረፋ ላይ «መጨረሻ ማን ነው?» ብለን እንጠይቃለን። ሁለት ሴቶች እኩል ደርሰው አንድ ሰው ብናሳያቸው፣ ተያይተው አንደኛዋ «አንቺ ቅደሚ» ትላለች። እናቴና ዳሀቦ ቋንቋ ባይግባቡም በእጅ ይባባሉታል። በፕሮግራምዎ ውስጥ የጎደለው ይህ ቃል ነው።

ሦስተኛ፤ መንገዱን ሁሉ አንድ በአንድ አጣርቶ የሚያረጋግጥ ዘዴ እንዳለ፣ ግን ለመሐንዲሶችዎ እንደሚከብዳቸው ነገሩን። በጣም አዘንኩላቸው። ከከበዳቸው ማቅለል የማን ሥራ ነው? ዘዴው የሒሳብ ምልክት ከሚደረድርባቸው፣ ማን መቼ እንዳነበበ፣ ማን መቼ እንደጻፈ፣ በየትኛው መንገድ እንደሚበላሽ በተራ ቢያሳያቸው ያዩት ነበር። እኔ ቆርኪ ላይ አይቼዋለሁ።

ሰኞ እናቴ ቁስሏን ልታሳይ ትመለሳለች። ፕሮግራሙ በሃያውም መንገድ እስኪጣራ ድረስ ወደ ደብተር ይመልሱን፤ አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶ። በአንድ እስክሪብቶ ሁለት ሰው እኩል አይጽፍም።

አንገቴን ደፍቼ፣ ቁጣዬን ግን ሳልደፋ፣

ሚስጥር አየነው
ከሼክ ኑር ሰፈር፣ የ214 ልጅ (ከሁለቱ የአንደኛዋ)

ማሳሰቢያ፦ ስድስቱን ቆርኪዎች ፖስታው ውስጥ ያገኟቸዋል። ለመሐንዲሶችዎ ከከበዷቸው አይጨነቁ፤ እናቴ ስትድን ትሸከምላቸዋለች፣ ድንጋይ ለምዳለች።