ሳንደርሰው የቀረነው ለቅሶ

ቆቦ፣ የካቲት 2013 ዓ.ም.

ውድ ጀዊሪያ፣

ይህን ደብዳቤ መምህር ሸረፈዲን ያደርስልሻል። ዓርብ ወደ ሮቢት ሲመለስ በእናትሽ ቤት በኩል እንዲያልፍ ለምኜዋለሁ። ስልክ ልደውልልሽ ሁለት ጊዜ ሞክሬ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሳታነሺው ዘጋሁት። በቃል ብናገረው ራሴን ወደ መከላከል እንደምሄድ አውቃለሁ። ዘጠኝ ዓመት ርዕሰ መምህርት ስሆን ክፉኛ የለመድኩት ነገር እሱ ነው።

እናትሽ ባለፈው ሰኔ በኮሮና ያረፉ ዕለት ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ነበር። መርዶውን የነገረኝ ዘበኛችን ጋሽ እንዳለው ነው። ወዲያው ለመምህራኑ ሁሉ አጭር መልእክት ላክሁ። «ለጥንቃቄ ሲባል ማንም ለቅሶ እንዳይሄድ» ይላል። አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ፤ ትናንት ደግሜ አነበብኩት። በጊዜው የተከለከለው መሰብሰብ ነበር። በየተራ ሄዶ፣ ከደጅ ራቅ ብሎ ቆሞ «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» ማለትን የከለከለ አልነበረም። እኔ ግን ደንቡ ላይ የራሴን ፍርሃት ጨመርኩበት። ለአንቺ ደወልኩና ሁለት ደቂቃ ያህል አወራን። መጨረሻ ላይ «በርቺ» አልኩሽ። 

ኅዳር ላይ ስንከፍት ሁሉን ነገር እንደታዘዘው አሟላሁ። ተማሪውን ለሁለት ከፍለን ግማሹ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ግማሹ በቀሩት ቀናት እንዲመጣ አደረግን። ጋሽ እንዳለው በር ላይ ባለው በርሜል ውሃ ይሞላል፤ እኔ የሙቀት መለኪያውን ይዤ እቆማለሁ። አንቺም ፊደሉን ግማሽ ላይ ትተው ቤታቸው የገቡትን ሁለተኛ ክፍሎች ተረከብሽ። ከማስኩ ስር አፍሽን ስለማያዩት ድምፁን ለማስያዝ ስትለፊ አይሽ ነበር። ስለ እሱ አንድ ቀን አመስግኜሽ አላውቅም።

መምህራን ማረፊያ ውስጥ ግን አንቺ ስትገቢ ጨዋታው ይቋረጥ ነበር። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው የሐዘንተኛውን ዓይን ይሸሻል፤ እኛ አሥራ አንድ ሆነን ሸሸንሽ። እኔ ደግሞ ዝምታዬን እንደ ርኅራኄ ቆጥሬው ነበር። ካልጠየቅናት ይረሳላታል ብዬ ነበር የማስበው።

ከዚያ ያ የጥር ሐሙስ መጣ። በእረፍት ሰዓት ከመስኮቴ ሆኜ ልጆችሽን አየኋቸው። ሻሽ ከአጥሩ ወደ ኒሙ ዛፍ ቅርንጫፍ ወጥረው ድንኳን ሠርተዋል። ከስሩ ጆንያ አንጥፈዋል። ኢኽላስ መሃል ላይ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ሌሎቹ በየተራ ከወዲያ እየመጡ ይገባሉ።

«እየሳቁ አይገባም። ከደጅ ጀምረሽ ነው የምታለቅሺው» ይላል መህዲ አንዷን።

«አንተስ ሽማግሌ ነኝ ትላለህ፤ ጺምህ የታለ?»

መህዲ ነጩን የጨርቅ ማስክ ወደ አገጩ ሳብ አደረገና «ይኸው፤ ሸብቶልሻል» አላት።

ያን ጊዜ አንቺ መጣሽ። ታስነሻቸዋለሽ ብዬ ስጠብቅ ጎንበስ ብለሽ ገባሽ። ኢኽላስ ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ ስሟ ሲጠራ እጇን ከማንሳት በቀር ድምጿን ያሰማችን ልጅ አልነበረችም። ያሳደጓት አያቷ ነሐሴ ላይ በዚያው በሽታ ሞተው በአራት ሰው ነው የተቀበሩት። እሷ ቀና ብላ አየችሽ።

«ቲቸር፣ አንቺም ሞቶብሻል?»

«እናቴ ሞታብኛለች።»

«ተለቀሰላት?»

«አልተለቀሰላትም።»

«የእኔም አያት አልተለቀሰላቸውም» አለችሽና ጠጋ ብላ ጆንያው ላይ ቦታ ለቀቀችልሽ።

ይህን ሁሉ ሰምቻለሁ። ሰምቼም ነው ወጥቼ «ተነሱ፤ ይሄ ምን ዓይነት ሟርት ነው? ርቀታችሁስ?» ያልኩት። ሻሹን የፈታሁት በገዛ እጄ ነው። ልጆቹ ሲበተኑ አንቺ እዚያው ተቀምጠሽ ቀረሽ።

ከሰዓት ቢሮዬ መጣሽ።

«እትዬ ፍሬሰላም፣ ልጆቹ ተጫወቱ እንጂ ምን አጠፉ?»

«ወረዳ በዚያ ሰዓት ቢደርስ ምን ልል ነበር?»

«እንዲያ ይበሉ። እኔ የምልዎት አንድ ነገር ነው። ከሰኔ እስከ ዛሬ እዚህ ግቢ ውስጥ ስለ እናቴ የጠየቀችኝ ያቺ የሰባት ዓመት ልጅ ብቻ ናት።»

 መልስ ስላልነበረኝ በማግስቱ «ርቀት ባለማስጠበቅ» ብዬ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፍኩብሽ። አንቺም ፈርመሽ ተቀበልሽ፤ በሳምንቱ ወደ ሮቢት ለመዛወር ማመልከቻ አስገብተሽ ፈቃድ ወጣሽ። ማመልከቻው የእኔን ፊርማ እየጠበቀ መሳቢያዬ ውስጥ ከረመ። ካልፈረምኩ ትመለሳለች ብዬ ነው። ይህንንም እወቂልኝ።

ክፍልሽን የያዝኩት እኔ ነኝ። የሚተካሽ ሰው አላገኘሁም። መጀመሪያ ቀን «ሀ» ብዬ ስጀምር አርባ ስምንት ዓይን በሩን ያያል። ኢኽላስ እጇን ማንሳት እንኳ ትታለች። በእረፍት ሰዓት ከኒሙ ስር ማንም አይቀመጥም፤ በእኔ ምክንያት ዛፉን ዞረው ነው የሚያልፉት። እስከ ሁለተኛው ሳምንት በማባበል ሞከርኩ፤ ብስኩትም ገዛሁ። ብስኩቱን በሉት፤ ሌላ የተለወጠ ነገር የለም።

ባለፈው ማክሰኞ ሄጄ ከዛፉ ስር መሬት ላይ ተቀመጥኩ። መህዲ ከሩቅ ቆሞ አየኝና ጠየቀኝ።

«ሊቆጡን ነው?»

«አይደለም። ለቅሶ ልደርስ ነው።»

«ማን ሞቶ?»

«የቲቸር ጀዊሪያ እናት።»

እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ቀርባ «ነጠላዎን እንዲህ አይደለም ለለቅሶ፤ ጥለቱ ወደ ላይ ነው» ብላ አስተካከለችልኝ። መህዲ ደግሞ «ሐዘንተኛዋ በሌለችበት እንዴት ለቅሶ ይደረሳል?» ብሎ ተከራከረ። እውነቱን ነው። ይሄኔ ኢኽላስ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«የእኔን አያትስ?» አለችኝ።

«የአንቺንም አያት።»

ከዚያ ተናገረች። አያቷ ከጎብዬ ገበያ ሲመለሱ ለእሷ ሸንኮራ ይዘው ከበር ላይ እንደሚጣሩ፣ ታመው ሳሉ ግን በር ላይ ሆና እሷ ስትጣራ «አትግቢ» እንዳሏት ነገረችኝ። ተቆጥተውኝ የሞቱ ይመስለኝ ነበር አለች። «እንዳትታመሚባቸው ነው እንጂ አልተቆጡሽም» አልኳት። ለምን ማንም ቀደም ብሎ እንዳልነገራት ጠየቀችኝ። ስላልጠየቅንሽ ነው አልኳት፤ ለልጅ ደፍሬ የተናገርኩት እውነት እሱ ነው። ጋሽ እንዳለው ደወሉን ሳይደውል አሥር ደቂቃ ቆየ። ሰዓቱን ረስቶ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

በዚያው ቀን ከሰዓት መምህራኑን ሰብስቤ ያን መልእክት ከስልኬ አነበብኩላቸው። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስህተት ነበር አልኩ። መጀመሪያ የተናገረው ሸረፈዲን ነው። እንደ አንቺው የሮቢት ሰው ሆኖ በደጃችሁ ሲያልፍ ሚኒባስ ውስጥ ፊቱን ወደ ሌላ እንደሚያዞር ነገረን። መምህርት ደመቀች ተነስታ ወንድሟ በግንቦት አዲስ አበባ መሞቱን ተናገረች። ከኅዳር ጀምሮ አብራን ሻይ ስትጠጣ አናውቅም ነበር። «ሥራ ቦታ ሐዘን አይመጣም ብዬ ነው» አለች። ጀዊሪያ፣ ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ግማሽ ሰዓት እንቀመጣለን። አጀንዳ የለውም፤ ቃለ ጉባኤም አይያዝም። ልጆቹም ኒሙ ስር ይቀመጣሉ፤ ራቅ ራቅ ብሎ እንዲነጠፍላቸው ጆንያ ጨምረናል።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን ከማኅደርሽ አውጥቼ፣ መሻሩንም በጽሑፍ አስገብቻለሁ። የዝውውር ማመልከቻሽን ፈርሜ ማኅተም አድርጌበታለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በፖስታው ውስጥ ነው። ከፈለግሽ ከሰኞ ጀምሮ የሮቢት መምህርት ነሽ። አስቀድሜ የላክሁት አስቤበት ነው። እሁድ አሥራ አንዳችንም እንመጣለንና፣ ልንለምንሽ የመጣን እንዳይመስልሽ ፈልጌ ነው። እንድትመለሺ እንደምፈልግ አልደብቅሽም። እሱን ግን ሌላ ቀን፣ ለብቻዬ መጥቼ እጠይቅሻለሁ፤ እምቢ ብትዪም አልቀየምሽም።

እሁድ የምንመጣው ለእናትሽ ነው። ምንም እንዳታዘጋጂ፤ ምሳውን ይዘን ነው የምንመጣው። ቤት ቢጠብ ደጅ እንቀመጣለን። ማልቀስ ባትፈልጊ አታልቅሺ፤ ማውራት ባትፈልጊም እኛው ዝም ብለን እንቀመጣለን። በወቅቱ ሦስት ቀን መቀመጥ ሲገባን ቀርተናል፤ ስለዚህ ቶሎ አንነሳም።

ፍሬሰላም