«ገመድ ያው ገመድ ነው» ላሉን የንብረት ኃላፊ

ለክቡር አቶ ሰውአገኝ ደሳለ
የመሥሪያ ቤታችን የንብረት አስተዳደር ኃላፊ
ላሊበላ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በቢሮዎ ጥግ የቆመው የገመድ ከረጢትም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የዜማ መዝገብ ክፍል ሠራተኛዋ ፅናት ከፋለ ደህና ነኝ፤ ኮምፒውተሬም አሁን ደህና ነው። በመካከል የሆነውን ግን ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ሳይሰሙት ቀርተው ይሆናልና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ልንገርዎ ብዬ ነው በግልጽ የጻፍኩት።

፩. በኅዳሩ ቆጠራ የመሥሪያ ቤቱ ገመድ ሁሉ ከየኮምፒውተሩ ተነቅሎ፣ በቁመቱ ተለይቶ፣ በአንድ ማዳበሪያ ከረጢት እንዲቀመጥ ስላዘዙ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ረጅሙ ከረጅሙ፣ አጭሩ ከአጭሩ ጋር ታስሮ ሲታይ እውነትም ያምር ነበር። በኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ግን ፓወር ሰፕላይ የሚባል የብረት ሳጥን አለ፤ ከግድግዳ የሚመጣውን ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ተቀብሎ፣ በአንዱ ሽቦ አሥራ ሁለት፣ በሌላው አምስት እያደረገ ለየዕቃው የሚያድል ነው። የእኔው ሳጥን ገመዶቹ የሚነቀሉ ዓይነት ስለሆነ፣ ቆጣሪዎቹ የሚነቀለውን ሁሉ ነቅለው ሄዱ።

፪. ከሳጥኑ ወደ ዲስኩ የሚሄደውን ገመዴን ልረከብ ስመጣ የግምጃ ቤት ሠራተኛዋ ጀውሀራ «መዝገብ ክፍል፣ አጭር፣ አንድ» ብላ ከእስሩ መዝዛ ሰጠችኝ። የእኔ ገመድ ቀይ ክር ነበረበት፤ ይህኛው የለበትም። ለእርስዎ ብነግርዎ ቀና እንኳ ሳይሉ «እቴ፣ ገመድ ያው ገመድ ነው፤ ከገባ ይሠራል» ብለው የቴክኒክ ትምህርት በነፃ ሰጡኝ። እኔም ሰካሁት፤ ገባ። ማብሪያውን የተጫንኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ቀጭ አለ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ፣ ዲስኩ ፀጥ አለ።

በዚያ ዲስክ ላይ የነበረው የመሪጌታ ኢያቄም የአርባ አንድ ሰዓት ዜማ ነው። መሪጌታ ከይምርሐነ ክርስቶስ በኩል በየማክሰኞው በእግራቸው እየመጡ ሦስት ዓመት ሙሉ የቀረፁት ሲሆን፣ ከመምህራቸው የተቀበሉትና ዛሬ ከእሳቸው በቀር የሚያውቀው ሰው የሌለ ክፍልም አለበት። ባለፈው ክረምት ጉሮሯቸው ታሞ ሐኪም «ከእንግዲህ ማዜም አይቻልም» ስላላቸው፣ አሁን የሚናገሩት በሹክሹክታ ነው። ሁለተኛ ቅጂ ለምን አልነበረም ብለው ይጠይቁኝ ይሆናል። መጠባበቂያ ዲስክ እንዲፈቀድልኝ የጻፍኳቸው ሦስት ደብዳቤዎች «በመታየት ላይ» ስለሆኑ ነው፤ አትኩረው ስለሚያዩልኝ አመሰግናለሁ።

፫. ይህኛው ቅሬታ በእርስዎ ሳይሆን በራሴ ላይ ነው፤ ለመሪጌታ ለመናገር ሁለት ቀን ፈራሁ። በመጨረሻ ሄጄ «የኔታ፣ ዲስኩ ተቃጠለ» አልኳቸው። እሳቸውም «እኔ ጉሮሮዬን፣ አንቺ ሳጥንሽን። ሁለታችንም ሐኪም ያስፈልገናል፤ የእኔውን ዓይቼዋለሁ፣ ያንቺውስ የት ነው ያለው?» አሉኝ። እያለቀስኩ ሳቅሁ። በማግስቱ ጋሸና ላይ ኮምፒውተር የሚጠግን ያሲር የሚባል ወጣት አለ ሲባል ሰምተን በሚኒባስ ተሳፈርን፤ የኔታም ዲስኩን በጋቢያቸው ጠቅልለው እንደ ሕፃን ታቅፈውት ሄዱ።

ያሲር በመጀመሪያ የጠየቀው «ገመዱንስ ይዛችሁ መጣችሁ?» ብሎ ነው። ያንን አጭሩን ሰጠሁት። አገላብጦ ዓየና እንዲህ አለ፦ «እህቴ፣ በዲስኩ በኩል ያለው አፍ የትም ቦታ አንድ ነው። በሳጥኑ በኩል ያለውን ግን እያንዳንዱ ፋብሪካ ሽቦውን እንደ ፈለገው ይደረድረዋል። አምስት መግባት በነበረበት አሥራ ሁለት ገብቶበታል። ልኩን ያየልሽ ሰው ሽቦውን አላየም።» ክቡር ሆይ፣ ይህን ያለው እርስዎን ሳያውቅ ነውና ይቅር ይበሉት።

ከዚያ መነጽሩን አድርጎ ከዲስኩ ሥር የስንዴ ፍሬ የምታህል ጥቁር ዕቃ አሳየን። ዳዮድ ትባላለች፤ ሥራዋ የማይገባ ኃይል ሲመጣ ቀድማ ተቃጥላ ሌላውን ማትረፍ ነው፤ ሠርታዋለች። በጋለ መበየጃ ነቅሎ ጣላትና ዲስኩን ከትክክለኛ ገመድ ጋር አገናኘው። ዲስኩ መዞር ሲጀምር የተሰማው ድምፅ ከዜማው ባልተናነሰ አስደሰተኝ።

ያሲር፣ ከላሊበላ ስንነሣ የአስጎብኚዎች ማኅበር ባዋሰን ዲስክ ላይ ሁሉንም ገለበጠልን፤ ለማረጋገጥም አንዱን ከፈተው። የመሪጌታ የድሮ ድምፅ ሱቁን ሞላው። ጎን ካለው ምግብ ቤት የወጡ የጭነት መኪና ሾፌሮች በር ላይ ቆመው ቀሩ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ፤ ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ በድንገት እጃቸውን አነሡ።

«አቁመው! እዚህ ጋ ተሳስቻለሁ።»

«የኔታ፣ ማን ያውቅብዎታል?» አልኳቸው።

«እኔ አውቃለሁ። ወረቀት አውጪ።»

እሳቸው በሹክሹክታ እየነገሩኝ ጻፍኩ። ስንመለስ እስከ ላሊበላ ድረስ እርማት ሲያስጽፉኝ መጡ፤ አሥራ ሰባት ሆነ። በየማክሰኞው አሁንም ይመጣሉ፤ እሳቸው ያዳምጣሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። የእርስዎ ከረጢት ባይኖር ኖሮ ያንን ዜማ ማንም መልሶ አያዳምጠውም ነበርና፣ ይህን ምስጋና ከልቤ ነው የማቀርበው። የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ገመድ ከመጣበት ሳጥን ጋር በአንድ ቁጥር እንዲመዘገብ፣ የማን መሆኑ ያልታወቀውም እንዳይሰካ እለምናለሁ።

ለቁመትና ለርዝመት ያለዎትን ፍቅር በማድነቅ፣ ለሽቦም ጥቂት እንዲተርፍዎ በመመኘት፣
አክባሪዎ
ፅናት ከፋለ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ላስገባ ስመጣ ጸሐፊዎ ወይዘሮ ደመቀች የእርስዎ ኮምፒውተር ከሰኞ ጀምሮ እምቢ ማለቱን፣ ሦስት አባላት ያሉት አጣሪ ኮሚቴም እንደተቋቋመለት ነገሩኝ። ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ማብሪያ ብነካት በራ። የኮሚቴውን ስብሰባ እንዳላስተጓጉል ብዬ ግን መልሼ አጥፍቼዋለሁ።