የበግ አንጀት ለፈረንጁ ጊታር

ዓርብ፣ ሰኔ 11 ቀን 1957

ቀኝ ትከሻዬ ጆሮዬ ድረስ ወጥቶ አልወርድ ብሏል። ጊታሩ ከእኔ ይሰፋል። ቁጭ ብዬ ሳቅፈው አገጬ ከላዩ ላይ ያርፋል፤ ክንዴ ያን ሁሉ ሆዱን ተሻግሮ ክሩ ጋ ሲደርስ ይደነዝዛል። ዘሃራ አይታኝ «ጥጃ ያቀፍሽ ነው የምትመስይው» አለች። ዘሃራ የክፍል ጓደኛዬ ናት፤ አባቷ ገበያው ዳር ሱቅ አላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈረንጁ መምህራችን ሚስተር ዴቪድ ከብስክሌት ወድቆ እጁ አብጧል። በትምህርት መዝጊያው ቀን ልጆቹ ሲዘምሩ በጊታር ሊያጅብ የነበረው እሱ ነው። ዛሬ በክፍሉ ሁሉ ፊት «አንጓች ትጫወታለች» አለ። ከትምህርት በኋላ እየቀረሁ ሦስት የጣት አያያዝ አስተምሮኝ ነበርና ነው። እምቢ ማለት ፈልጌ ነበር። እምቢ ለማለትም አፍ ያስፈልጋል።

መዝጊያው ቅዳሜ ሰኔ 26 ነው። አባቴ በዚያ ቀን ለክረምቱ ከወረታ ወደ ገጠር ሊወስዱኝ ይመጣሉ። ክር ያለው ነገር አቅፌ ካዩኝ በመስከረም አይመልሱኝም። አምና ሠርግ ላይ የአዝማሪውን ማሲንቆ በጣቴ ብነካ እጄን መትተው፣ «ልጄን አዝማሪ ላደርጋት አይደለም ከተማ የሰደድኋት» ብለዋል።

እሑድ፣ ሰኔ 13

ጊታሩን ወደምኖርበት የአክስቴ የእትዬ ብርቄ ቤት አመጣሁት። እትዬ ብርቄ ዙሪያውን አየችው። «ወንድሜ ከመጣ እኔ የለሁበትም። አላየሁም፣ አልሰማሁም።»

የሞከርኳቸው አቀማመጦች፦

አልጋ ላይ፤ ይንሸራተታል።
በርጩማ ላይ፤ ትከሻዬ ይወጣል።
መሬት ላይ እግሬን ዘርግቼ፤ እትዬ ብርቄ ሳቀችብኝ።
ሣጥን ላይ ሆኜ ግራ እግሬን ከጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አድርጌ፤ ይሄ ትንሽ ይሻላል። አንገቱ ከፍ ሲል ክንዴ ያን ያህል አይዞርም።

ጣቶቼን ግን ምን ላድርጋቸው? ሦስቱ ቀጫጭን ክሮች እንደ ምላጭ ናቸው።

ሰኞ፣ ሰኔ 14

በጣም ቀጭኑ ክር ተበጠሰ። ድምፁ እንደ ጅራፍ ጮኸና ጉንጬን ገረፈኝ። ሚስተር ዴቪድ ሳይቆጣኝ ጣቶቼን ገልብጦ አየ። የመሃለኛው ጣቴ ደምቷል። «ብረት መጥፎ፤ ለአንቺ ወፍራም ነው» አለ በራሱ አማርኛ። ቀጠን ያሉ ክሮች እንዲልክለት አስመራ ላለ ጓደኛው ይጽፋል። አውቶቡስ ያመጣል ብሏል። መቼ? እሱንም አላወቀም።

አሥራ ሁለት ቀን ቀረኝ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 15

ጎረቤታችን አለቃ ተሰማ በገና ይደረድራሉ። በአጥሩ በኩል ሲያዩኝ «እስቲ ያን ጎተራ አምጪው» አሉኝ። ሆዱን በጣታቸው አንኳኩ፤ አንገቱን ዳሰሱ። ከዚያ ጣቴን አዩ።

«ልጄ፣ ብረት የበር መቆለፊያ ነው። ጣት የሚወደው አንጀት ነው። የበግ አንጀት።»

ወፍራሞቹ ሦስቱ እንዳሉ ይቆዩ፣ ቀጫጭኖቹን ሦስቱን በአንጀት ተኪያቸው አሉኝ። ደስ አለኝ። ቤት ስገባ ነው ያሰብኩት፦ የሰኔ ጾም ገብቷል። በጾም በግ የሚያርድ ማን አለ?

ሐሙስ፣ ሰኔ 17

እነ ዘሃራ አሉ። እንግዳ መጥቶባቸው ዛሬ አረዱ። ዘሃራ ሮጣ መጥታ «አንጀቱ ሳይጣል ድረሽ» አለችኝ።

አለቃን ቀድሜ ጠየቅኋቸው። የእስላም ሥጋ ነውና ፈራሁ። «ልትበይው ነው?» አሉኝ። አይደለም አልኩ። «እንግዲያው ከአፍሽ አርቀሽ ሥሪው።»

እትዬ ብርቄ ግን «ቤቴ አይገባም፤ ዕቃዬን አይነካም» አለች። ስለዚህ በእነ ዘሃራ ጓሮ፣ በእነሱ ገበቴ አጠብነው። በቢላ ጀርባ መፋቅ፣ ማጠብ፣ ደግሞ መፋቅ። ዘሃራ አፍንጫዋን በነጠላዋ አስራ «ጊታርሽ ሲዘፍን ሆዴ እንዳይገለበጥ» ትለኛለች። አለቃ እንዳሳዩኝ አክርረን በሁለት እንጨት መሃል ወጠርነው። አራት ክር ወጣ። አንዱ ትርፍ ነው።

እሑድ፣ ሰኔ 20

ትርፉ ቀረ። ከቅዳሴ መልስ ጭልፊት ወርዳ አንዱን ይዛ ሄደች። ዘሃራ ድንጋይ ስትወረውር እኔ ቆሜ አየሁ። ሁልጊዜ ቆሜ ነው የማየው።

ዝናቡም አላቆመም። ከከተማው ውጪ ያለው ሜዳ ውኃ መያዝ ጀምሯል ይላሉ። አንጀቱን ከነእንጨቱ ወደ እነ ዘሃራ ምድጃ አቅራቢያ አስገባነው። አለቃ «በእሳት አይደለም፣ በነፋስ ነው የሚደርቀው» ብለውኛል። ነፋሱ ራሱ እርጥብ ነው።

ረቡዕ፣ ሰኔ 23

አንጀቱ ዛሬ ጊታሩ ላይ ገባ። ሚስተር ዴቪድ በደህና እጁ እየያዘልኝ አሰርኳቸው። ከብረቶቹ ቅኝት ጋር እስኪገጥም ስናከርረው አንጀቱ ተንጣጣ፤ ፈራንና ስድስቱንም ዝቅ አድርገን ቃኘን። ለዘማሪዎቹም ተመቻቸው።

ጣቴ አልቆሰለም። ሦስት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ተጫወትኩ።

ግን ድምፁ አይወጣም። ልጆቹ ከዘመሩ አይሰማም። ዘሃራ ከኋላ ቆማ «ትጫወቺያለሽ ወይስ ሆዱን ታኪያለሽ?» አለች።

ዓርብ፣ ሰኔ 25

የአስመራው ክር ደረሰ። የአውቶቡሱ ሹፌር በጭቃ የተለወሰ ፖስታ ለመምህሬ ሰጠው። የሚያብረቀርቁ ሦስት ብረቶች፤ ከቀድሞዎቹ ይቀጥናሉ። ሚስተር ዴቪድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው። «ይሄ ይሰማል። ያ ለጣት ጥሩ። አንቺ ምረጪ።»

እስካሁን ማንም «አንቺ ምረጪ» ብሎኝ አያውቅም። ብረቱን ካደረግሁ ሁሉም ይሰሙኛል፤ አባቴም ይሰማሉ። አንጀቱን ካደረግሁ ማንም አይሰማኝም። ለምን ታዲያ አስራ አምስት ቀን ተሠቃየሁ?

ወደ አለቃ ሮጥኩ። በገናቸውን አሳዩኝ፤ ከእያንዳንዱ አውታር ሥር ትንሽ ቁራጭ ቆዳ አለ። እሷ ናት የምታነዝረው። ከአሮጌ ጫማ ሦስት ቁራጭ ቆረጡልኝና አንጀቶቹ ከሚያርፉበት ሥር ሸጎጥን። ሲመታ ጊታሩ ከሆዱ ነዘረ። ሚስተር ዴቪድ ጆሮውን አስጠግቶ ሰማና «ይሄ ጊታር አይደለም» ብሎ ሳቀ። «በጣም ጥሩ ነው።»

አንጀቱን መረጥኩ። ነገ ነው።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 26

አለፈ።

ሣጥኔን ከዘማሪዎቹ ጎን አኖሩልኝ። አንገቱን ከፍ አደረግሁት፤ ሆዱ እኔን ሸፈነኝ። አንድ ቦታ አያያዝ ሳትኩ፤ ልጆቹ ግን ቀጠሉ፣ እኔም ደረስኩባቸው። ድምፁ ይሰማ ነበር። ራሴ ሰማሁት።

ቀና ስል አባቴ ከዳር፣ ከዛፉ ሥር፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ቆመዋል። አልተንቀሳቀሱም። ሲያልቅ መጥተው «ዕቃሽን አሰናጂ» ብቻ አሉ። እስከ አክስቴ ቤት ድረስ ከፊቴ ከፊቴ ሄዱ።

እሑድ፣ ሰኔ 27

ዝናቡ እስኪያባራ ጉዟችን ዘገየ። ሚስተር ዴቪድ ክረምቱን አዲስ አበባ ስለሚያሳልፍ ጊታሩ አክስቴ ቤት ይቀመጣል። ከግድግዳው ጋር ተደግፎ ነበር። አባቴ ብዙ ቆይተው ተጠጉትና አንዱን ክር በሁለት ጣታቸው ያዙት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከከብትና ከበግ ጋር ነው የኖሩት።

«ይሄ የበግ ነው።»

«አዎ፣ አባዬ።»

«በጾም ማን አረደው?»

እትዬ ብርቄ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቀረች። ልዋሽ ነበር፤ ምን ብዬ እንደምዋሽ አጣሁ።

«የእነ ዘሃራ በግ ነው። አባቷ ናቸው ያረዱት። እዚያው ነው ያጠብነው፤ የአክስቴን ዕቃ አልነካም።»

ክሩን እንደገና አሹት።

«ደህና ተፍቋል» አሉ። «ግን ቸኩላችኋል። ውስጡ ገና እርጥብ ነው፤ ሳምንት አይቆይም።» ከዚያ ወፍራሞቹን ነኩ። «ይሄስ?»

«ብረት ነው።»

«ብረት ምን ያደርጋል? ለወፍራሙ የበሬ ነው እንጂ።» ወደ ደጅ ወጥተው ሰማዩን አዩ። ጀርባቸውን እንደሰጡኝ፣ «ለዕንቁጣጣሽ ቅርጫ እንገባለን። አንጀቱን አስቀርልሻለሁ። ደህና አድርጎ ለመድረቅ ግን እስከ ጥቅምት ይፈልጋል» አሉ።

እትዬ ብርቄ አየችኝ፤ እኔም አየኋት። በጥቅምት የት ሆኜ ነው የምወጥረው ብዬ ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር። አልጠየቅሁም። ጊታሩ እዚሁ ወረታ እንደሚቀር ግን ያውቃሉ።

በቅሎዋን እየጫኑ ነው። ይጠሩኛል።