የቡሬ ወተትና እሳት

ሰኞ፣ ኅዳር ፭። ጠዋት
...የወተቱ አረፋ አፍንጫዬ ላይ ሲቀር እናቴ ትስቅ ነበር፤ ትኩሱን፣ ገና እንደታለበ፣ ከሽክናው። ከዚያ ምን ትለኝ ነበር? ልጄ የሺ አለቀሰች። ትኩሳቷ አልበረደም፤ ተቅማጡም። ላስተምር ት/ቤት አልሄድኩም።

ከሰዓት
ከክሊኒክ መመለሴ ነው። ድሬሰሩ፣ የክሊኒኩ ጤና ረዳት፣ የየሺን ወተት ከየት እንደማገኝ ጠየቀኝ። ከጎረቤቴ ከአዴ ሎሚ፣ በየማለዳው፣ በወይራ በታጠነ ቅል አልኩት። ጭሱ ለሽታ ነው፣ ጀርሙን አይጨርስም አለኝ። ገንፍሎ እስኪነሳ ይፍላ። ቀላል ነገር። ታዲያ ለምን ከበደኝ? አንቺ ደብተር ታውቂያለሽ። እዚህ አገር ወተት እሳት ከነካው ላሟ ትነጥፋለች ይባላል። አዴ ሎሚ ወተቱን በነጻ ሲሰጡኝ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሳት እንዳላስነካባቸው።

ማክሰኞ
ደብቄ ላፈላ እችላለሁ። በር ዘግቼ። ግን የየሺን እትብት የቆረጡ እሳቸው ናቸው። አልቻልኩም። ነገርኳቸው።
መጀመሪያ ሳቁ። “አንቺ አስተማሪ፣ ወተት ከመጽሐፍ ይታለባል እንዴ?”
በዓይን ስለማይታየው ጀርም አወራሁ። ብዙ አወራሁ። ሳቃቸው ቆመ።
“ቡሬ ምን በደለችሽ?”
ቡሬ ላማቸው ናት። ሌላ የላቸውም። ቅሉን ከነወተቱ እንደያዙ ተመለሱ።

ረቡዕ
ወተት አልመጣም። የሺ አጥሚቱን ትተፋለች። የጭላሎ ተራራ በጉም ተሸፍኗል፣ ብርድ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ቡሬ ታገሳለች። ብትነጥፍስ? ሞኝነት ነው። ለተማሪዎቼ የማስተምረውን አውቃለሁ። ግን ብትነጥፍስ?

ሐሙስ። ማለዳ
በር ተንኳኳ። አዴ ሎሚ። ባንድ እጃቸው ቅሉ፣ በሌላው እርጥብ ሳር። ሰላምታ የለም። የያዙትን አስቀምጠው የሺን ከጀርባዬ አወረዷት፣ ጉንጫቸውን ግንባሯ ላይ አኖሩ።
“ይቺ ልጅ ላባ ሆናለች! እሳትሽን አንድጂ።”
ሳሩን ወተቱ ውስጥ ነከሩ፣ ምድጃው ዙሪያ አረገፉ። በኦሮምኛ ቡሬን ይመርቃሉ፤ ጡቷን፣ ጥጃዋን፣ የምትግጥበትን መስክ። ወተቱን ድስት ውስጥ ገልብጬ ጣድኩ። ወተቱ ዳር ዳሩን መንቀሳቀስ ጀመረ። ዓይናቸውን ከእሱ አልነቀሉም።
ይበቃል፣ ላውርደው? አልኳቸው።
“ድሬሰርሽ እንዲህ ነው ያለሽ?”
አይደለም፣ እስኪነሳ ነው ያለው።
“እንግዲያው እስኪነሳ።”
ተነሳ። ነጭ፣ እስከ ድስቱ አፍ። አወረድኩት። አዴ ሎሚ የሺን አስታቀፉኝ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ቡሬን ሊያዩ ወጡ። በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።