አብራሪ ለመሆን ሁለት ጊዜ ያመለከቱት የመምህር ቀንዓ ጃርሶ የሕይወት ታሪክ

መምህር ቀንዓ ጃርሶ ከአባታቸው ከኦቦ ጃርሶ መርጋ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ኤቢሴ ለሜሳ የካቲት 12 ቀን 1989 ዓ.ም. በምዕራብ ሸዋ፣ በጀልዱ ወረዳ፣ ጎጆ ከተማ ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። የጎጆ ብርድ ለማንም አይራራምና በልጅነታቸው ጉሮሯቸውን እያመማቸው፣ አንዳንዴም ጉልበታቸው እያበጠ ከትምህርት ቤት የሚቀሩበት ጊዜ ብዙ ነበር። ያም ሆኖ እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚያው ሲማሩ ከደረጃ ወጥተው አያውቁም።

አባታቸው ኦቦ ጃርሶ በ2003 ዓ.ም. ሲያርፉ ወ/ሮ ኤቢሴ ሁለቱን ልጆቻቸውን፣ ቀንዓንና ጂቱን፣ ይዘው አምቦ ወደሚኖረው ታናሽ ወንድማቸው ወደ ወሰኑ ለሜሳ ቤት መጡ። ገበያ ውስጥም ድንች መሸጥ ጀመሩ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ይኸው ወሰኑ ነው። መምህር ቀንዓ ዘጠነኛ ክፍል ሳሉ የአጎታቸውን ማራገቢያ “እንዴት እንደሚነፍስ ልየው” ብለው ፈታቱት። ከዚያ ወዲህ ማራገቢያው ነፍሶ አያውቅም። አጎትየው ግን ልጁ ወዴት እንደሚያዘነብል የገባው ያን ጊዜ ነው።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አምቦ ላይ አጠናቀው በ2008 ዓ.ም. አምቦ ዩኒቨርሲቲ በመግባት መካኒካል ምህንድስና ማጥናት ጀመሩ። ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳሉ፣ በ2010 ዓ.ም. መግቢያ፣ ለዕጩ መኮንንነትና ለአብራሪነት የሚሠለጥኑ ወጣቶች እንደሚመለመሉ የሚገልጽ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ያን ዓመት አምቦ ላይ የወታደር ነገር እንኳን ሊመኙት ስሙም በበጎ አይነሳም ነበር። የዶርም ጓደኞቻቸው አኮረፏቸው። አብሯቸው ለማመልከት የደፈረው የክፍል ጓደኛቸው ቦንሳ ብቻ ነበር። መምህር ቀንዓ ለጠየቃቸው ሁሉ የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፦ “እኔ መብረር ነው የምፈልገው። የድንች ነጋዴ ልጅ ሳይከፍል በረራ የሚማርበት ሌላ ቦታ ካለ አሳዩኝና ልሂድ።”

ወ/ሮ ኤቢሴ ይህን ሲሰሙ ወገባቸው ተቆረጠ። ታላቅ ወንድማቸው ኦሊቃ ለሜሳ በ1991 ዓ.ም. ወደ ግንባር ሄደው ሳይመለሱ ቀርተዋል፤ አስከሬናቸውም አልመጣም። ወ/ሮ ኤቢሴ ግን ልጃቸውን “አትሂድ” አላሏቸውም። ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ሰፈራቸው ቅዱስ ገብርኤል ሄዱና ልጄን ከዚህ ነገር መልስልኝ፣ ጃንጥላ አስገባልሃለሁ ብለው ተሳሉ።

መምህር ቀንዓ የጽሑፍ ፈተናውንና ሩጫውን አልፈው ከቦንሳ ጋር ለጤና ምርመራ አዲስ አበባ ተጠሩ። የመረመሯቸው ሐኪም ማዳመጫውን ደረታቸው ላይ ብዙ ካቆዩ በኋላ ልባቸው ላይ የተለየ ድምፅ እንዳለ፣ ለበረራ እንደማይሆኑና ሳይውሉ ሳያድሩ የልብ ሐኪም እንዲያያቸው ነገሯቸው። ቦንሳ አለፈ። መምህር ቀንዓ አምቦ ተመልሰው ለጥር ወር የሐኪም ቀጠሮ ያዙ።

ከጥር በፊት ግን ታኅሣሥ 19 ደረሰ። በዓሉ ላይ እንደ ወጉ ስለታቸው የሰመረላቸው ሰዎች ስም በማይክሮፎን ሲነገር መምህር ቀንዓ ከሕዝቡ መካከል ቆመው ነበር። አስተናባሪው “ወይዘሮ ኤቢሴ ለሜሳ ልጄን ከወታደርነት መልስልኝ ብለው ተስለው፣ መልአኩ ሰምቷቸው፣ ይህን ጃንጥላ ይዘው መጥተዋል” ሲል ሕዝቡ እልል አለ። ወ/ሮ ኤቢሴም አብረው እልል አሉ። መምህር ቀንዓ ከእልልታው መሐል ወጥተው ቤታቸው ገቡ።

ከዚያች ቀን በኋላ የልብ ድምፅ የሚባል ነገር በዚያ ቤት ተረሳ። መምህር ቀንዓ “ልቤ ምንም አልሆነ። ያስቀረኝ የእናቴ ስለት ነው” አሉ። ጎረቤቱም፣ ዘመዱም፣ ወ/ሮ ኤቢሴ ራሳቸውም በዚህ አመኑ። መልአክ መለሰው የተባለን ልጅ ወደ ሐኪም መውሰድ ደግሞ ውለታን መካድ መሰለ። የጥር ወሩ የሐኪም ቀጠሮ ሳይሄዱበት አለፈ። እናትና ልጅም በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ከሰላምታ ያለፈ ወሬ አጡ። መምህር ቀንዓ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ሲያጥራቸውም ንዴት ነው ተባለ።

በ2011 ዓ.ም. ምልመላው እንደገና ሲወጣ ሽማግሌ ገብቶ እናትና ልጅን አስታረቀ። ወ/ሮ ኤቢሴ ልጃቸውን አስከትለው ወደዚያው ደጅ ሄዱና “የፊተኛውን አንሳልኝ፣ ልጄ ይለፍ” ብለው ዳግመኛ ተሳሉ። ከዚህ በኋላ መምህር ቀንዓ የሚያግዳቸው ነገር ያለ አልመሰላቸውም። የጽሑፉን ፈተና በከፍተኛ ውጤት አለፉ። በሩጫው ቀን ግን ከግማሽ ሳይርቁ ደረታቸውን ይዘው ወደቁ። ሆስፒታል ሲደርሱ የልባቸው በር ክፉኛ መጥበቡ ታወቀ። ሐኪሟ ከልጅነት የጉሮሮ ሕመም የመጣ መሆኑን አስረድተው፣ በጊዜ ተደርሶበት ቢሆን ብዙ መርዳት ይቻል እንደነበር ከተናገሩ በኋላ “ከዚህ በፊት የነገረህ ሰው የለም?” ሲሉ ጠየቋቸው። መምህር ቀንዓ “ተነግሮኝ ነበር” ብለው መለሱ። ወ/ሮ ኤቢሴ አልጋው አጠገብ ነበሩ።

መምህር ቀንዓ ትምህርታቸውን ጨርሰው ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በጌዶ ከተማ በቴክኒክና ሙያ መምህርነት አገለገሉ። ተማሪዎቻቸው ሞተር ፈትቶ መግጠም ያወቁት በእሳቸው እጅ ነው፤ ማራገቢያም ጭምር። በ2014 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሃዊ ጋር ጋብቻ ፈጽመው በዓመቱ ማዕረግ የተባለች ሴት ልጅ አፍርተዋል። በየወሩ የሚወጉትን መርፌ ሊወስዱ ወደ አምቦ ይመላለሱ ነበር። መንገዱ በሚዘጋበት ጊዜ ግን መርፌውም ይቀር ነበር። ለቀዶ ሕክምና ተመዝግበው ተራ ይጠብቁ ነበር። በረራ ላይ የተሰማራው ጓደኛቸው ቦንሳ ሲደውል ስለ ሕመማቸው ሳያነሱ “ዛሬ ምን አየህ?” ብለው ይጠይቁትና የሰማዩን ነገር አንድ በአንድ ያስነግሩት ነበር። ቅናት አልነበረባቸውም ማለት ውሸት ይሆናል። ቀንተዋል፤ ቢሆንም ስልኩን ሳያነሱ የቀሩበት ቀን የለም።

ከ2017 ዓ.ም. የካቲት ወር ወዲህ ሕመሙ ስለጸናባቸው ሥራቸውን አቁመው አምቦ፣ እናታቸው ቤት ተኙ። ለጠፋ በግ እንኳ ይሳሉ የነበሩት ወ/ሮ ኤቢሴ ለልጃቸው ሕይወት ሊሳሉ አልደፈሩም። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር እየሄዱ፣ ተሳልመው፣ ምንም ሳይለምኑ ይመለሱ ነበር። መምህር ቀንዓ ይህን ከእህታቸው ከጂቱ ሰሙ። እናታቸውን ጠርተው “አዮ፣ ስለ እኔ ለምኝ እንጂ። አንቺ ካልለመንሽልኝ ማን ሊለምንልኝ ነው?” አሏቸው። ወ/ሮ ኤቢሴ “ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አፌን ፈርቼው ነው” አሉ። መምህር ቀንዓም እጃቸውን ይዘው “እኔ አልፈራሁትም፤ ሂጂ” አሏቸው። ወ/ሮ ኤቢሴ በማግሥቱ ሄደው ተሳሉ።

መምህር ቀንዓ ጃርሶ የቀዶ ሕክምና ተራቸው ሳይደርስ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ28 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን ወ/ሮ ሃዊን፣ ልጃቸውን ማዕረግን፣ እህታቸውን ጂቱንና እናታቸውን ወ/ሮ ኤቢሴን ትተው ሄደዋል።

የስለቱ ነገር በዚህ ጽሑፍ እንዳይገባ ቤተሰቡ ተስማምቶ ነበር። እንዲገባ ያዘዙት ወ/ሮ ኤቢሴ ናቸው። “ያን ጊዜ በማይክሮፎን ሲነገር እልል ብያለሁ። ዛሬም በማይክሮፎን ይነገር፤ እልል ያለ ሰው ሁሉ ይስማ” ብለዋል።

እግዚአብሔር የመምህር ቀንዓን ነፍስ ከደጋግ አባቶች ዘንድ ያሳርፍ፤ የእናታቸውን ልብ ይጠብቅ። አሜን።