ጽናቴ በሲዶና

ልጄ ጽናት፣ የደብራችን ኪዳነ ምሕረት ባለሽበት ትከልልሽ። እኛ አለን፤ ገብሱን ውርጭ መታው፣ አባትሽንም ሳሉ አልለቃቸው አለ።

ወንጌል ላይ ሲዶና ሲባል በኖኅ ጊዜ ውሃ የበላው አገር ይመስለኝ ነበር። እሑድ የኔታ ይሥሐቅ ሲተረጉሙ፣ «ሲዶና ዛሬ ሊባኖስ ውስጥ ሰይዳ የሚሏት ከተማ ናት» አሉ። ለካ አንቺ የምትሠሪባት ናት። ሰይዳ ተደበደበች ብሎ ሬዲዮ ከተናገረ ወዲህ ስልክሽ አይነሣም።

ከነናዊቷ እናት ስለ ልጇ የጮኸችው በዚያ አገር ነው፤ ጌታም መጀመሪያ አንዲት ቃል አልመለሰላትም። ያ ዝምታ እምነቷ እንዲገለጥ ነው ብለው የኔታ ተረጎሙት። ያንቺን ዝምታ ግን የሚተረጉምልኝ አጣሁ።

የእሷን ልጅ የማረ አንቺንም ይማርልኝ። እሷ ከማዕድ የወደቀ ፍርፋሪ ለመነች። እኔም መናገር ባይመችሽ፣ አንዲት ሚስኮል ትበቃኛለች።

እናትሽ ዓለሚቱ